ሞተር ይውረድ!

ይኸውላችሁ፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ከተኮለኮሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ በሉና "መኪናዬ ጭስ አበዛ፣ ጉልበትም ከዳው" በሉ። ጭሱ መቼ መቼ እንደሚብስ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ውሃ ይጎድል እንደሆነ የሚጠይቃችሁ ካገኛችሁ ዕጣ ወጥቶላችኋል። ብዙውን ጊዜ ግን ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሦስት አራት ጭንቅላት ይደፋበታል፣ አንዱ ገብቶ ነዳጅ ሰጠት ሰጠት ያደርጋል። ከዚያ ፍርዱ ይሰማል፦ "ሞተር ይውረድ!"

ይግባኝ የለውም።

ነገሩ እንደ ድሮው ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅበት ይሸጣል፤ የሚሸጠው ደግሞ ለእኛ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችው አሮጊት ኮሮላ ተተኪ የላትም ማለት ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ ወረፋ የምትጠብቀው ሚኒባስ ባለቤቱን፣ ሾፌሩን፣ ረዳቱንና የእነሱን ልጆች ታበላለች። እሷ ሁለት ሳምንት ጋራዥ ከቆመች የስንት ቤት ምጣድ እንደሚቀዘቅዝ ቁጠሩት።

ታዲያ ሞተሩን ሳያወርዱ ምን ማወቅ ይቻላል? ብዙ ነገር! ጭስ ራሱ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። የቃሊቲን አቧራ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም። ነጭ ሆኖ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይቶ ከጠፋ እንፋሎት ነው፣ ተዉት። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ የትም ሳይፈስ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ሰማያዊው ነው ኪስ የሚያራቁተው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው። ግን በየት በኩል ገብቶ? ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና ስትነሳ ቡፍ አድርጋ ከተወች፣ ከላይ የቫልቮቹ ጎማ ደርቆ ዘይት ሲንጠባጠብ አድሮ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ተጭና ስታቃስት የምታጨስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑ ፋሻ ይሄዳል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ መግጠምና ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ግፊቱ ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነሳ ወደ ቫልቩ ማየት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የቫልቩን ጎማ ደግሞ ሞተር ሳያወርዱ መቀየር ይቻላል። "መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው?" የምትለዋ ጥያቄ ስንት ሺህ ብር እንደምታወጣ አያችሁ?

ስለ ጉልበቱም ካነሳን፣ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ከጅቡቲ ወደብ የተነሳው ሞተር እዚህ ሲደርስ ቢያለከልክ ሞተሩን ምን ታደርጉታላችሁ? እኛም እንጦጦ ስንወጣ እናለከልካለን።

አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የእኔዋን መኪና ቴርሞስታት አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳየኝና "ጋሼ፣ ይቺ ለእኛ አገር አትሆንም፣ ሞተር ታሞቃለች" ብሎ ወደ ቆሻሻው ወረወራት። እንድትመለስ እስክለምን ሁለት መካኒኮች ሳቁብኝ። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ ግድም እስኪደርስ መንገዱን የምትዘጋ በር ናት። እሷ ስትወጣ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም "ገና ብርድ ላይ ነኝ" እያለ ነዳጅ ይጨምራል። ባለመኪናው "ቤንዚን በላችብኝ" ብሎ ሲመለስ ምን ይባላል? ሞተር ይውረድ!

የሚገርመው ሞተር የሚያሞቀውን ሌላ ነገር የሚያየው የለም። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ነው። ራዲያተሩ የሚተርፈው ክዳኑ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ስለሚያደርስለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከላላ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል በፈጣን መንገዱ አዳማ ወርዶ ሲመለስ ዳገቱ ላይ እንፋሎት ይተፋል። ሞተሩ ደህና፣ ክዳኑ በሽተኛ።

"አሁን እኮ ኮምፒውተር አለ" ትሉኝ ይሆናል። አለ። ማሽኑን ይሰኩታል፣ "ኦክስጅን ሴንሰር" ይላል፣ ሴንሰሩ ይገዛል። መብራቷ ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ትበራለች። ማሽኑ የሚያመውን ቦታ ይጠቁማል፤ በሽታው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ ያንን የሚያገኘው ዓይንና ጆሮ ነው። መብራቷንም አምፖሏን ነቅሎ የሚሸጥ አለ። ቆጣሪው 90 ሺህ ይላል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ያበራል!

መካኒኩን ብቻ አልረግምም። በአሥራ አራት ዓመቱ ዕቃ በቤንዚን ሊያጥብ ገብቶ "ፍታ"ን ከ"ለምን" በፊት የተማረ ልጅ ነው። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያለ የጣሊያኑን ቃል ከአለቃው አፍ ወርሷል። መጽሐፉን ያወረሰው የለም።

ዋናው ጥያቄ ለእኛ ለባለመኪኖቹ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት አዳምጦ፣ ለክቶ፣ "ምንም የለውም፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይረው" ቢለን ስንት እንከፍለዋለን? "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻይ ጠጣበት" ብለን ውልቅ! እጁ በግራሶ ያልተነከረ ሰው የሠራ አይመስለንም። ሁለት ቀን ሲፈታ ለዋለው ግን ሳንጨቃጨቅ ባይሆንም እንከፍላለን። እሱም ዓይን አለው፣ የሚያበላውን ያውቃል።

እዚያው ቃሊቲ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ። የእያንዳንዱን መኪና ሰሌዳ፣ ኪሎሜትርና ዘይት የተቀየረበትን ቀን በደብተር ይጽፋል። የምርመራ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ብዙው ደንበኛ "ለማየት ብቻ?" ብሎ መኪናውን አዙሮ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆመዋል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ አምስት ሞተር አውርዶ መሬት ላይ ደርድሯል፤ ስድስተኛው ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሏል።