ፊልሙን አይታ መጽሐፉን ስለምትፈልግ አንባቢ፤ ሂስና ግለ ሂስ

ባለፈው ዕትማችን «ፊልም የንባብ ሌባ ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። በዚያ ጽሑፍ የካምፓችን ወጣቶች መጽሐፍ ጥለው ስልክ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ፤ ይህም ልማድ ካልታረመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አማርኛ አንብቦ የሚረዳ ልጅ አይኖረንም ብለን ነበር። በዚያው ሰሞን ለዝግጅት ክፍላችን የደረሰንን አንድ ጽሑፍ «ስለ ፊልም ስለሆነ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም» በማለት መልሰናል። ጸሐፊዋ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ስንመልስላት አልተከራከረችንም። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና «ቲቸር፣ ያላያችሁትን ነገር እንዴት ነቀፋችሁት?» ብላ ሄደች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ደብተሯን ተውሰን አነበብን፤ ያየቻቸውንም ፊልሞች አብረናት ቁጭ ብለን አየን። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚያ ውጤት ነው። በድሮው አነጋገር ሂስም ግለ ሂስም ይሆናል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የንባብ ልማዷን እንግለጽ። ስልኩ የወንድሟ ነው። ቀን ለሥራ ይዞት ይወጣል፤ ለእርሷ የሚደርሳት ማታ ነው። ባትሪ የሚሞላው በገንዘብ ስለሆነ አንዱን ፊልም በሦስትና በአራት ምሽት ቆራርጣ ታየዋለች። ፊልሞቹ ከገዳሪፍ ገበያ በሚሞሪ ተገልብጠው የሚመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከሥራቸው የዐረብኛ ትርጉም ተጽፎባቸዋል። አይታ ስትጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይኸ መጽሐፍ አለው?» የሚል ነው። አለው ከተባለች ቤት ለቤት እየዞረች ትፈልጋለች። ካገኘች ደግሞ የደብተሯን ገጽ ለሁለት ትከፍልና በግራ በኩል «መጽሐፉ ላይ ያለ፣ ፊልሙ ላይ የሌለ»፣ በቀኝ በኩል «ፊልሙ ላይ ያለ፣ መጽሐፉ ላይ የሌለ» ብላ ትመዘግባለች። እኛ ሁለት ድርሰት አወዳድሮ መጻፍን የተማርነው መምህራን ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው። እርሷን ግን ማንም አላስተማራትም።

በደብተሯ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዙት ሦስት ሥራዎች ናቸው። በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ የያዘውን ስፍራ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። በ2017 ዓ.ም. በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ልጅቱ ወደ ካምፓችን የደረሱትን ጥቂት ክፍሎች አየችና መጽሐፉን ፈለገች። በካምፓችን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እርሱም በ2013 ዓ.ም. ባለቤቱ ተከዜን ሲሻገሩ ርሶ ስለነበር ሽፋኑ የለም፤ ከመጨረሻውም ብዙ ገጽ ጎድሏል። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ቤቷን ጥላ መንገድ ስትገባ የእኛ መጽሐፍ ያበቃል።

ልጅቱ «ቀጥሎስ?» አለች። መልሱን ያገኘችው ከፊልሙ አይደለም፤ ከጎረቤታቸው ከአንዲት እናት ነው። እኒህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ መጽሐፉን ሲተርክ ሰምተዋል። የበዛብህን ሞት፣ የሰብለን ምንኩስና፣ የጉዱ ካሣን መጨረሻ፣ ሦስቱም በአንድ መቃብር ማረፋቸውን በሦስት ምሽት አወሩላት። በሁለተኛው ምሽት እንባ ስላቋረጣቸው ቀሪውን ለማግስቱ አቆዩት።

የእኛ ስሕተት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወጋየሁ የተረከው መጽሐፉን እንዳለ ነው፤ ከፊልም ጋር አይነጻጸርም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ትረካም ቢሆን የተጻፈን ነገር ወደ ሌላ መሣሪያ ማሻገር ነው። ለፊታውራሪ መሸሻ የቁጣ ድምፅ፣ ለጉዱ ካሣ የፌዝ ድምፅ የሰጣቸው ተራኪው ነው። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ልብ ወለድ ወደ ብዙ ቤት የገባው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር። እኛም ራሳችን ጉዱ ካሣን ያወቅነው መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት ቤታችን ከነበረው ሬዲዮ ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮን ሌባ አላልነውም። ዛሬም መጽሐፉ በውሃ ሲበላሽ መጨረሻውን ያቆዩልን በጆሯቸው የሰሙ አንዲት እናት ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ልጅቱ በመጀመሪያ ንባቧ የጉዱ ካሣን ረጃጅም ንግግሮች እየዘለለች አልፋ ነበር። በደብተሯ ጠርዝ ላይ «ወሬ በዛ» የሚል ጽፋለች። እኒያ እናት የወጋየሁን ድምፅ አስመስለው ጉዱ ካሣን ካናገሩላት በኋላ ግን ተመልሳ አነበበችው። ከዚያ በታች እንዲህ የሚል ጨምራለች፦ «ይኸን ሰውዬ ዘልዬው ነበር። ለካ እነ ሰብለን የገደላቸው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።» ይህ ትክክለኛ ሂስ ነው። ጉዱ ካሣ ሥራው ንግግር ነው። ጠቡ ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን በዘር ከሚወረስ ክብርና ካረጀ ልማድ ጋር ነው። ካሜራ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚናገር ሰው ብዙ አይመቸውም፤ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ወደ ሥዕል የሚያሻግር ማንኛውም አዘጋጅ የሚፈተነው በጉዱ ካሣ ነው። እርሱን ካሳነሰ የሚቀረው የሁለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ ይሆናል፤ ለምን እንደሞቱም አይታወቅም።

በግራው ዓምድ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የእኔ ሰብለ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈዋል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅናት። መጽሐፉን ስታነብ ሰብለን በራሷ መልክ ልታስባት ሞክራ ነበር፤ በድራማው ያየቻት ተዋናይት ግን ፊቷ ላይ ድቅን እያለች አላስቻለቻትም። ተዋናይቱን አትነቅፍም፤ ጎበዝ ናት ትላለች። ያጣችውን ነገር ግን ታውቀዋለች። ፊልምን አስቀድሞ ማየት ዋጋ እንደሚያስከፍል ከእኛ ስብከት ይልቅ እነዚህ ሁለት ቃላት በተሻለ ያስረዳሉ።

ሁለተኛው ሥራ የአሜሪካዊቷ ሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» ነው። በአማርኛ «የረሃብ ውድድር» ልንለው እንችላለን። መጽሐፉ በ2008፣ ፊልሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። ላላወቀው አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ፣ በአንዲት ምናባዊ አገር ያሉ አሥራ ሁለት ወረዳዎች በየዓመቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይሰጣሉ። ልጆቹ አንድ ብቻ እስኪተርፍ ይገዳደላሉ፤ ዋናው ከተማም ይህን በቴሌቪዥን እያየ ይዝናናል። ደራሲዋ ሐሳቡ የመጣላት ቴሌቪዥን እያቀያየረች በአንዱ ጣቢያ የወጣቶች ውድድር፣ በሌላው የኢራቅን ጦርነት ስታይ እንደሆነ ተናግራለች።

ልጅቱ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ ከስልክ ላይ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች በአራት ወር ጨርሳዋለች። በግራው ዓምድ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው «እህልና ዘይት» ብላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የድኻ ልጅ ስሙ በዕጣው ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ እንዲገባ ከፈቀደ፣ ለአንድ ሰው የዓመት የሚባል ጥቂት እህልና ዘይት ይሰጠዋል። ለእናቱም ለእኅቱም እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ የገባው ስም ግን በየዓመቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ባለታሪኳ ካትኒስ በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። የሀብታም ልጅ ስም የሚገባው ግን በዕድሜው ልክ ብቻ ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ በሁለት አጫጭር ንግግሮች ነካ አድርጎት ያልፋል። ልጅቱ «ይኸን የጻፈችው ሴት ራሽን ተሰልፋ ታውቃለች እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። አናውቅም፤ ግን በካርድ እህልና ዘይት የተቀበለ ሰው ይህን ምዕራፍ ሌላው እንደሚያነበው አያነበውም። በሌላ አገር ያለ አንባቢ ጨዋታ አድርጎ የሚያልፈውን ነገር የእኛ ልጅ ዋናው ቁም ነገር መሆኑን ለይታለች።

የቀኙ ዓምድም ቢሆን ቀላል አይደለም። መጽሐፉን የምትተርከው ካትኒስ ራሷ ናት፤ ስለዚህ እርሷ ያላየችውን አንባቢው አያይም። ፊልሙ ግን ውድድሩን የሚመሩትን ሰዎች ክፍልና ፕሬዚዳንቱ በአትክልት ስፍራው ሆኖ የሚናገረውን ያሳየናል። የልጅቱ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «መጽሐፉ ላይ ማን እንደሚወስን ስለማላውቅ ፈራሁ። ፊልሙ ላይ ስላየኋቸው ፍርሃቴ ቀነሰ፤ ንዴቴ ግን ጨመረ።» ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ታሪክ ሁለት የተለያየ ሥራ መሥራታቸውን ከዚህ በተሻለ አሳጥረን ልንገልጸው አንችልም።

ሦስተኛው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ የመለሰውም በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ጽሑፉ በሚፈቱ እስረኞች እጅ በጥቂት በጥቂቱ ወጣ። በእጅ ጽሑፍ የምንገናኝ እኛ ይህን ታሪክ ልናስታውሰው ይገባል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በ1936፣ ፊልሙ በ1939 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል።

ልጅቱ በግራው ዓምድ የመዘገበችው ፊልሙ ሁለት ልጆች መጣሉን ነው። በመጽሐፉ ስካርሌት ሦስት ልጆች አሏት፤ በፊልሙ ያለችው አንዲት ብቻ ናት። «በጦርነት ውስጥ ልጅ ይዞ መሸሽና ብቻ መሸሽ አንድ አይደለም» ትላለች። ከዚህ በታች ግን ከሁለቱም ዓምዶች ውጪ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ባሮቹስ ምን ያስባሉ?» ይህን መጽሐፍም ሆነ ፊልም ለረጅም ዘመን ሲያስነቅፍ የኖረው ይኸው ነው፤ ባርነትን በባለቤቶቹ ዓይን አሳምሮ ማሳየቱ። በፊልሙ የሞግዚቷን ቦታ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 እ.ኤ.አ. ኦስካር ስትሸለም ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያን ምሽት የተቀመጠችው ግን ከባልደረቦቿ ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ ነው። ይህን ስንነግራት ልጅቱ ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

አሁን ደግሞ ነቀፋችንን እንናገር፤ ማሞገስ ብቻ ሂስ አይባልምና። ልጅቱ ፊልሙን ያላየችውን መጽሐፍ አትነካም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በዝግጅት ክፍላችን ሣጥን ውስጥ አለ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ ነው። ጦርነት ላፈናቀለው ወጣት ከዚህ የቀረበ መጽሐፍ ጥቂት ነው። አንድም ቀን አልገለጠችውም። መንገዱን ፊልም ካልጠረገላት አትሄድም ማለት ነው፤ ብዙ ጥሩ መጽሐፍ ግን ፊልም የሌለው ነው። ሁለተኛም፣ ማን ማንን አገባ የሚለውን ለማወቅ ስለምትቸኩል፣ ጉዱ ካሣን እንደዘለለችው ሌሎችንም ዘልላ ይሆናል።

ይሁንና ለዚህ ጉድለት ከእርሷ ይልቅ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። በክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሰጠናት ለሰዋስው መልመጃ ነው። ስለ ታሪኩ ምን እንደተሰማት አልጠየቅናትም። ጽፋ ስትመጣም መለስናት። ትምህርቱ በተደጋጋሚ የተቋረጠ ልጅ በራሱ ጊዜ ደብተር ለሁለት ከፍሎ ሲጽፍ ልናበረታታው ሲገባ «ይኸ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ማለት በር መዝጋት ነው። የምንፈራው አማርኛ አንባቢ እንዳይጠፋ ከነበረ፣ አንዷን አንባቢ ልናጠፋት የተቃረብነው ራሳችን ነን።

ስለዚህ «ፊልም የንባብ ሌባ ነው» ያልነውን አንስተናል። የልጅቱ ጽሑፍ በሚቀጥለው ዕትም ሳይቆረጥ ይወጣል። በእርሷም ፈቃድ «ኦሮማይ»ን ዐርብ ዐርብ ማታ በተራ ጮክ ብለን እንድናነበው ተስማምተናል፤ ለመስማት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። እኒያ እናት የነገሯትን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻም ልጅቱ በእጇ ጽፋ ከተጎዳው መጽሐፍ ጋር ሰፍተነዋል። የደራሲው ቃል አለመሆኑ በግልጽ ተጽፎበታል።

ወደ ገዳሪፍ የሚመላለስ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ ቅጂ ቢያገኝ ለሁለት ሳምንት ያውሰን። የጎደለውን ገልብጠን በንጽሕና እንመልሳለን። ይህን ዕትም አንብቦ የጨረሰ ሰውም እንዳይቀደድ አድርጎ ለጎረቤቱ ያሳልፍ።