የተተረጐመ ስም

ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የተሻገሩት አየርላንዳውያን ስማቸው የተለወጠው በመዝጋቢዎች ስሕተት ነው ሲባል እንሰማለን። የኤድዋርድ ማክላይሳት «የአየርላንድ ቤተሰቦች» (1957 እ.ኤ.አ.) ስሞቹን እስከ ጌሊክ ሥራቸው ስለሚከተል፣ ይህን አሳብ እንድንጠራጠር ያደርገናል። በ1465 የወጣው ሕግ በደብሊን ዙሪያ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የሚኖሩት አየርላንዳውያን ከከተማ፣ ከቀለም ወይም ከሙያ የተወሰደ የእንግሊዝኛ ስም እንዲይዙ አዝዞ ነበር። ከዚያም በቀጠለው ጫና «የልጅ ልጅ» ማለት የሆነው «ኦ» ከብዙ ስም ላይ ወደቀ፤ ማክ ጋውን፣ ይኸውም የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ ገና ባገሩ ሳለ ስሚዝ ተባለ። እንደ እኛ አስተያየት የከፋው ይህ ትርጕም ነው። ጸሐፊ በጆሮው የሰማውን ቢያጣምም ድምፁ ይተርፋል፤ በቨርጂንያ መዝገብ የሠፈረውን ስሚዝ ግን ከእንግሊዛዊው ስሚዝ የሚለየው ምልክት የለም። ማክላይሳት ነገሩን አጥብቆ መያዙ አያስደንቅም፤ እርሱም ላይሳት ተብሎ ተወልዶ «ማክ»ን በኋላ የመለሰ ሰው ነው።