ላገለገለ ኦሲሎስኮፕ የቀረበ ውዳሴ

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣችበት ስታዲየም አጠገብ ተቀምጦ፣ የዚያን ዘመን የቫልቭ ሬዲዮ ከዝምታው ሊያስነሣ ለሚደክም የጥበብ ወዳጅ፣ ካገለገለ ኦሲሎስኮፕ የሚበልጥ ረዳት አላውቅለትም። ቴስተር የቮልቱን መጠን ብቻ ሲነግረን፣ ይህ መሣሪያ ግን ከዓይነ ሥጋ የተሰወረውን ረቂቅ ሞገድ በብርሃን መስመር ሥሎ ይገልጥልናል፤ ስለዚህም ማጣሪያው ኮንደንሰር በእርጅና ሲደክም፣ ከ50 ሄርዝ መብራታችን የሚወለደው የ100 ሄርዝ ጉርምርምታ በመስተዋቱ ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ተደርድሮ ይታያል። ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን በ1897 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የካቶድ ጨረር ቱቦ ያለበትን የሚገዛ ሰው፣ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት፣ መሣሪያው ከራሱ የሚያወጣውን፣ ብዙ ጊዜ 1 ኪሎ ሄርዝ የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ አይቶ ቅርጹን ይመርምር፤ ጨረሩ የደበዘዘውን ግን፣ ለቱቦው ምትክ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ በርካሽም ቢሆን አይውሰድ።