ያልተጠየቀው ፈቃድ፤ ከአንድ በላይ ስለሆነ ፍቅር የሚደረግ ምርምርና የዘጌ መልስ ሰጪ

በአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት በሚደረግበት ጊዜ፣ ጠያቂዋ ወደ አንዲት ባለትዳር ቤት ገብታ ከምታነባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ባለቤትሽ ካንቺ ሌላ ሚስት አለውን፣ ወይስ እንደ ሚስት አድርጎ አብሯት የሚኖር ሴት አለችን የሚል ነው። አለች ብላ የመለሰች እንደሆነ ስንት እንደሆኑ፣ እርሷም ስንተኛይቱ እንደሆነች ትጠየቃለች። ከዚያ ወዲያ ቅጹ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ነገሩን ያወቀችው ባሏ ነግሯት ነውን ወይስ ከጎረቤት ሰምታ? ወድዳ ተቀብላለችን ወይስ ልጆቿን ይዛ የምትሄድበት ስለሌላት ዝም ብላለች? ይኸ አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የተመሠረተው ባልተጠየቀው ነገር ላይ ነው።

ቁጥሩን መናቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት በትዳር ካሉት ሴቶች 11 ከመቶ የሚሆኑት ባለቤታቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል፤ ከባለትዳር ወንዶች ግን ከአንድ በላይ ሚስት አለን ያሉት 5 ከመቶ ያህል ናቸው። አንዳንድ ተማሪ ይኸንን አይቶ ወንዶቹ ዋሹ ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ዳሩ ግን አንድ ሰው ሁለት ሚስቶች ቢኖሩት በሴቶቹ መዝገብ ሁለት፣ በወንዶቹ መዝገብ አንድ ሆኖ ይቈጠራልና፣ ልዩነቱ ያለ ሐሰት በሒሳብ ብቻ ሊፈታ ይችላል። የአማራ ክልል ቁጥር ደግሞ ከአገሪቱ ዝቅተኞቹ መካከል ነው። ይኸን ያነበበ ሰው በጣና ዳር እንዲህ ያለ ጉዳይ የለም ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል፤ የእኔም ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በውጭ አገር ፖሊያሞሪ የሚባለውን ኑሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚነሡት ከሌላ ቦታ ነው። ቃሉ አዲስ ነው፤ በሰፊው መነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ሲሆን፣ ግማሹ ከግሪክ ግማሹ ከላቲን ተወስዶ ብዙ ፍቅር ማለት ነው። ትርጓሜውም አንድ ሰው ከአንድ በላይ ፍቅረኛ ኖሮት፣ ነገሩን ሁሉም ወገን ዐውቆና ፈቅዶ የሚኖርበት ኑሮ ነው። እንግዲህ በዚያ ምርምር ፈቃድ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሳይሆን የጥያቄው ሁሉ መነሻ ነው። መልስ ሰጪውም ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ አይቶ፣ ታሪኬን ልናገር ብሎ በገዛ እግሩ የሚመጣ ነው። ኤሊዛቤት ሼፍና ኮሪ ሃመርስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያለው ጥናት የሚካፈሉት አብዛኞቹ ነጮች፣ የተማሩና የተመቻቸ ኑሮ ያላቸው መሆናቸውን አሳይተው፣ ይኸ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሌላው ሰው ቢታወቅበት የሚደርስበት ጉዳት የከበደ በመሆኑ ነው ብለዋል። ሥራውንና ልጁን የሚያጣ ሰው ማስታወቂያ አይቶ አይመጣም። እኛ ከዚህ ልንወስድ የሚገባን ቃሉን አይመስለኝም፤ ፖሊያሞሪ የሚለውን በቅጽ ላይ አትሞ ወደ ገበሬ ቤት መሄድ መሳቂያ መሆን ነው። ልንወስድ የሚገባን ለመልስ ሰጪው ማሰብን ነው።

ቃልስ በገዛ ቋንቋችን መች አጣን? ጣውንት እንላለን፣ ውሽማ እንላለን፣ ዕቁባት እንላለን፤ ባል ለዘመቻ ወይም ለመንገድ ሲወጣ ይዟት የሚሄደውን ሴት የቀድሞ ሰዎች የጭን ገረድ ይሏት ነበር። በደሞዝ ማግባት የሚባልም ነበር፤ ሴቲቱ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ ከነጋዴው ወይም ከወታደሩ ጋር ትኖራለች፤ እርሱ በአገሩ ሌላ ሚስት ቢኖረውም ውሉ ውል ነበር። እያንዳንዱ ቃል ማን ምን እንደሚያውቅ በውስጡ ይዟል። ጣውንት ሁለቱም ሴቶች ካልተዋወቁ ጣውንት አትባልም፤ ውሽማ ግን ከታወቀች ነገሩ ተበላሸ። የጥናቱ ቅጽ እንደ ሚስት አድርጎ በሚል አንድ ሐረግ እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። መልስ ሰጪዋም ስለየትኛዋ እንደተጠየቀች ሳታውቅ የለም ብላ ትመልሳለች፤ አልዋሸችም።

የሚያስገርመው፣ መርማሪው የዘነጋውን ሕጉ አለመዘንጋቱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 650 ይቀጣል፤ ሁለተኛይቱን ሚስት አታልሎ ያገባት እንደሆነ ቅጣቱን ያከብዳል፤ እርሷም ዐውቃ ከሆነ ተጠያቂ ትሆናለች። በአንቀጽ 652 ደግሞ ዝሙት የሚያስከስሰው የተበደለው ባለትዳር አቤት ሲል ብቻ ነው፤ ይኸው ባለትዳር አስቀድሞ የፈቀደ ወይም ከነገሩ ጥቅም ያገኘ እንደሆነ አቤቱታው አይሰማም። ስለዚህ ማን ዐወቀ፣ ማን ፈቀደ የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ዳኛው የሚጠይቀው ነው። ከዚህም የተነሣ መልሱ በመርማሪው ደብተር ላይ ሲጻፍ ተራ ወሬ ሳይሆን በሰው ላይ ሊነሣ የሚችል ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ዘጌ እንሻገር። ዘጌን የመረጥሁት ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚርቅ ሆኖ፣ ቅጽ ይዞ ለሚሄድ ተማሪ እጅግ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ነው። ልሳነ ምድሩ በደን የተሸፈነ ነው። በትውፊቱ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን መሬቱ አይታረስም፣ የቀንድ ከብትም አይረባበትም፤ ሕዝቡ ከቡናና ከሌላው ዛፍ ፍሬ ይኖራል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹም ገዳማት በዚሁ ደን ውስጥ ናቸው። ቤቶቹ በእግር መንገድ የተያያዙ ስለሆኑ ጠያቂው ከማን ደጅ እንደገባ፣ ምን ያህልም እንደቈየ፣ እርሱ ወደ አፋፍ ገበያ ሳይመለስ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ስም ለውጬ እጽፋለሁ ማለት በአዲስ አበባ ይበቃ ይሆናል፤ በዘጌ አይበቃም። ከገዳሙ በላይ ያለ ቤት፣ ሦስት ልጆች፣ ባል ቡና ነጋዴ ብለህ የጻፍህ እንደሆነ ስሟን ጽፈኸዋል።

ከዚህ የሚብስም አለ። አብዛኛው ሕዝባችን በሰማንያ ተጋብቶ ቁርባኑን ለእርጅና ያቈያል፤ ካህን ግን በቁርባን አንዲት ሚስት ብቻ አግብቶ ይጸናል፤ ብትሞትበት እንኳ ሁለተኛ ያገባ እንደሆነ ክህነቱ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን በበዛበት አገር ሌላ አለህን ብሎ መጠየቅ እንግዲህ እንጀራህን አሳየኝ ማለት ነው። መልስ ሰጪው ይኸን ነገር የሚናገርለት ሰው ደግሞ አስቀድሞ አለው፤ የንስሐ አባቱ ነው። ለእርሱ ሲናገር ቀኖና ይቀበላል፣ ይፈታል፤ ምስጢሩም ምስጢር ነው። ለተማሪው ሲናገር ምን ይቀበላል? አንዳንዱ ተማሪም አገሩን ስለማያውቅ መንገድ መሪ የሚያደርገው በአቅራቢያው ያለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ይኸውም የዚያው ቤት የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። በዚህ አኳኋን የተሞላ ቅጽ ምን ዋጋ እንዳለው አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የአያቶች ነገር ነው። ታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ የዘጌ ካህናትና ባለርስቶች የቡና ተክላቸውን በባሮች ጉልበት ያለሙ እንደነበሩ አስረድተዋል። ባሪያ በነበረበት ቤት ደግሞ የጌታው ሚስት አንዲት ትሁን እንጂ የጌታው ልጆች እናት አንዲት ብቻ አልነበረችም፤ ይኸ በዘጌ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። አያትህ ስንት ሚስት ነበራቸው ብሎ በቅንነት የጠየቀ ተማሪ፣ ሳያውቀው፣ አንተ ከየትኛይቱ ተወለድህ ብሎ ጠይቋል። በዚያች ሴት ላይ ፈቃድ የሚለው ቃል አይነገርም፤ ብዙ ሚስት ወይም ብዙ ፍቅር በሚል ርእስ ሥር አስገብቶ መቍጠርም በደሏን መሸፈን ነው።

የአንትሮፖሎጂው ሊቅ ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ስለ ዘጌ ያሳተመው መጽሐፍ ይኸንን የባርነት ትዝታ ሳይሸሽ ጽፎታል። የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ጾምና ማዕድ እንጂ ትዳር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስለ አጠያየቅ ከብዙ ቅጽ ይልቅ ያስተምራል፤ ሰው ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን ጋር እንደማይበላ በማየት፣ ማን ከማን ጋር በጋብቻ መቀላቀል እንደሚፈራ ደርሶበታልና። በበኩሌ የምነቅፈው እርሱን ሳይሆን፣ እርሱ በብዙ ወራት ኑሮ ያገኘውን እኛ በአንድ ቅዳሜ ለማግኘት መሞከራችንን ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎችም ሊታወሱ ይገባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የኢትኖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ባወጣው መጽሔት፣ ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ ራሳቸው ጽፈዋል፤ የጋብቻ ሥርዓትም ደጋግመው ካነሧቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ጸሐፊው የዚያው አገር ልጅ ስለነበረ ውሽማና ጣውንትን አያምታታም። ድካሙ ግን ከብርታቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የገዛ እናቱን ማን ይጠይቃል? የሠርግ ልማድ በሰፊው የሚጻፈው፣ ከሠርጉ በኋላ ያለው ኑሮ ግን ባጭሩ የሚታለፈው ስለዚህ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ክረምት ወደ ልሳነ ምድሩ የሚሻገር ጓደኛዬ ካለ፣ እኔ የምለው ይኸን ነው። ቁጥር ከመጠየቅህ በፊት ቃሉን ጠይቅ፤ ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ኑሮ ምን ብለው እንደሚጠሩት እነርሱ ይንገሩህ። ማወቅንና መፍቀድን ለየብቻ ጠይቅ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባልና ሚስትን ጠይቀህ መልሳቸውን በአንድ መዝገብ አታጋጥም፤ የአንዱ ቃል ሌላውን ያጋልጣልና። የአያቶችን ነገር እነርሱ ካላነሡት አታንሣው። የጻፍኸውንም በወሩ ተመልሰህ አንብብላቸው፤ ይኸ ይውጣ ያሉህን በፊታቸው ሰርዝ። የመመረቂያ ጽሑፍህ በሦስት ገጽ ቢያጥር መምህርህን አስረዳቸው፤ የሚያስቈጡህ ከሆነም ለምን እንደ ሰረዝህ በዚያው ቦታ ጻፍ።