ሳዘራክ፦ ተደፍቶ የሚጀመረው መጠጥ

ሳዘራክ የሚሠራ ባርማን ሥራውን የሚጀምረው በመድፋት ነው። በቀዘቀዘ ብርጭቆ ውስጥ አብሲንት የተባለውን የአኒስ መጠጥ ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ብርጭቆውን አጋድሞ እያዞረ ውስጡን ያርስና የተረፈውን ይደፋዋል። ላላየው ሰው ብክነት ነው። የተፈለገው ግን ሽታው ብቻ ነው፤ ኡዞ የቀመሰ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

መጠጡ የኒው ኦርሊንስ ነው። ቤተሰቡ ከዛሬዋ ሄይቲ የተሰደደው መድኃኒት ቀማሚ አንትዋን ፔይሾ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ከተማ ፋርማሲ ከፍቶ ቢተርስ የተባለ፣ በጠብታ የሚጨመር ቀይ መራራ ቅመም ይሸጥ ነበር። ኮክቴልን የፈጠረው እሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ አያስኬድም። በኒው ዮርክ ግዛት ሃድሰን ከተማ የሚታተም ጋዜጣ አረቄ፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ የተደባለቁበትን መጠጥ ኮክቴል ብሎ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1806 ሲሆን፣ ፔይሾ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።

ስሙ የተወሰደው ከአንድ የፈረንሳይ ኮኛክ ነው። የከተማው ሰዎች እንደሚተርኩት መጀመሪያ የሚቀዳውም ኮኛክ ነበር። ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ስትጨርሰው ኮኛክ ጠፋ፣ ራይ ውስኪ ቦታውን ያዘ። በ1912 አሜሪካ አብሲንትን ስታግድ ደግሞ፣ ከ1934 ጀምሮ እዚያው ኒው ኦርሊንስ የወጣው ኸርብሴንት የተባለ ተመሳሳይ መጠጥ በቦታው ተተካ። አብሲንት በሕግ የተመለሰው በ2007 ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የፔይሾን ቢተርስ የነካው የለም።

በሌላ ብርጭቆ አንድ ኩብ ስኳር በሦስት ወይም አራት ርጭት ቢተርስ ይደቆሳል፤ 60 ሚሊ ሊትር ራይና በረዶ ይጨመርበታል። ራይ ውስኪ በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 51 በመቶው እህል ራይ መሆን አለበት። በርበሬ በርበሬ የሚለው ደረቅ ጣዕሙ አብሲንቱን ይቋቋመዋል፤ በበቆሎ የሚጣፍጠው በርበን ግን ይሰለቻል።

ቀጥሎ ማማሰል ነው፤ መናጥ አይፈቀድም፤ መጠጡን አረፋ ያስይዘዋል፣ ያደፈርሰዋልም። ሳዘራክ ያለ በረዶ ስለሚቀርብ፣ የሚያገኘው ውሃ በማማሰል ጊዜ ከበረዶው የሚቀልጠው ብቻ ነው። የቸኮለ እጅ የሚያቃጥል፣ የዘገየ ደግሞ የቀጠነ መጠጥ ያቀርባል። ጥሩ ባርማን ታዲያ በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ ያቆማል።

ተጠልሎ በአብሲንት ወደራሰው ብርጭቆ ከተገለበጠ በኋላ የሎሚ ልጣጭ ከላዩ ይጠመዘዛል፤ ዘይቱ ፊቱ ላይ ብን ይላል። ልጣጩ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር አያልቅም። ባይገባ ይሻላል፤ ውስጡ ሲቆይ ምሬቱን እየለቀቀ ያን በጥንቃቄ የተቀመጠ ሽታ ይሸፍነዋል።