ጥርኝ ውሃና 78 ነፍስ

ሰሞኑን በዶርማችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። መነሻው በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። አንዱ ጓደኛችን «78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ ከተማረ፣ ፍርድ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው» አለ። ሌላው «የእግዜርን ምሕረት በኪሎ ልትመዝን ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ስለ ሃይማኖት ተከራከሩ እንጂ ታሪኩን ዞር ብለው አላዩትም። እኛ ደግሞ ሥራችን ከታሪኩ ጋር ነውና፣ ተራኪው ምሕረትን የሚያህል ነገር እንዴት አድርጎ ተረከው? ብለን ጠየቅን።

መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ልጃቸው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት አቆሙለት። ብዙዎቻችን ግን በላዔ ሰብእን ያወቅነው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ቀስት የያዘ ሰው፣ ለማኝ፣ ሚዛን። ልጅ ሆነን ከእናታችን ነጠላ ሥር ሆነን አሻቅበን ያየነው።

ታሪኩ አጭር ነው። በቅምር አገር የሚኖር አንድ ሰው የሰው ሥጋ መብላት ለምዶ ሚስቱንና ልጆቹን ሳይቀር በላ። የበላቸው 78 ደረሱ። አንድ ቀን ውሃውን ይዞ ሲዞር በውሃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በጻድቃን ስም ለመነው፣ እምቢ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ቆም አለና ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ከሞተ በኋላ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያቺ ውሃ ተመዘኑ። ውሃዋ ደፋች።

በመጀመሪያ ተራኪውን የምናደንቅበት ነገር አለን። ቁጥሩን አልቀነሰም። ርካሽ ምሕረት ሊሸጥልን የፈለገ ሰው ቢሆን ኖሮ «ጥቂት ሰዎች» ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን አንድ ሳያስቀር ቆጥሮ ሚዛኑ ላይ አወጣቸው። ሚስቱን ከነልጆቹ መጨመሩም እንዲሁ ነው፤ ለአንባቢው ማምለጫ አልተወለትም።

ማምለጫ የፈለጉት በኋላ በቃል የሚተርኩት ናቸው። በእነሱ ዘንድ ሰውዬው መጀመሪያ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ደግ ሰው ነበር፤ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ መጥቶ ልጅህን እረድልኝ ብሎ አሳሳተው፣ ሥጋውንም አስቀመሰው፣ ከዚያ ወዲያ ጠባዩ ተለወጠ ይላሉ። እንደ ልብ ሰቀላ ከሆነ ግሩም ነው፤ የአብርሃምን ታሪክ ገልብጦ ማቅረቡም ብልሃት ነው። ነገር ግን ታሪኩን አዳከመው ባይ ነን። ተታሎ የበደለ ሰው ያሳዝናል፤ ሲማርም አይገርመንም። የታሪኩ ጉልበት ግን ምንም ሰበብ ለሌለው ሰው ምሕረት መምጣቱ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በስብከት ላይ ደጋግመን የሰማነው «ትንሽ ምጽዋት እንኳ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት እዩ» የሚል ነው። ማቴዎስ 10 ላይ ያለው የቀዝቃዛ ውሃ ነገርም አብሮ ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ታሪክ እንዲህ ማንበብ ስሕተት ይመስለናል። ውሃዋ በራሷ ክብደት መች ደፋች? እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባት፣ ያኔ ደፋች እየተባለ ነው የሚተረከው። ልብ በሉ! ጥላ የጣለባት ሚዛን የነጋዴ ሚዛን ቢሆን ባለሚዛኑ ይከሰስ ነበር። ተራኪዎቹ ግን ይህን አልደበቁም፣ እንዲያውም በግልጽ ነገሩን። ምሕረት የፍርድን ካባ ለብሶ እንዲመጣ አላደረጉትም። ሒሳቡ በሒሳብ አልተዘጋም፤ 78 ነፍስ በጥርኝ ውሃ አይወራረድም። ያ የተቆጣው ጓደኛችን ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛችንም ግን ባዶውን አልቀረም። 78ቱ ክብደት ተሰጥቷቸዋል፣ አንደበት ግን አልተሰጣቸውም። ከሚዛኑ ከወረዱ በኋላ የት ሄዱ? ሚስቲቱ ምን አለች? ይህን የምንጠይቀው ከውጭ ያመጣነውን ሚዛን በግድ ለመጫን አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በዚህ ረገድ ይጠነቀቃል። ዳዊት ኦርዮን አስገደለ፣ ሚስቱንም ወሰደ። ናታን መጥቶ ገሠጸው፣ ንስሐ ገባ፣ ይቅር ተባለ። ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም፤ ሕፃኑ ሞተ፣ ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም። ከሁሉ የሚደንቀን ደግሞ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ቤርሳቤህን በስሟ አለመጥራቱ ነው፤ የኦርዮ ሚስት ብሎ ነው የሚያልፋት። ገዳዩ ተምሯል፣ የሟቹ ስም ግን በገዳዩ የዘር ሐረግ መካከል ተቀምጧል። የበላዔ ሰብእ ተራኪ ይህችን ታህል ቢያደርግ፣ ከ78ቱ የአንዷን ስም ቢነግረን ኖሮ ምሕረቱ አይቀንስም ነበር። የእኛ ጥያቄ ግን መልስ ያገኝ ነበር።

ለምጻሙስ? ጉሮሮውን በቅጡ ሳያርስ ውሃው አለቀበት። ሰውዬው ነፍሱ ስትድን፣ ሰማይና ምድር ስለ እሱ ሲከራከሩ፣ ያኛው እዚያው መንገድ ዳር ነው፤ አሁንም ጠምቶታል። ተራኪው ዞር ብሎ አላየውም። ሠዓሊዎቹ ይሻላሉ፤ ቢያንስ እጁን እንደ ዘረጋ ግድግዳው ላይ ትተውታል።

ከመካከላችን አንዱ ለምጻሙን ተራኪ አድርጎ አጭር ልብ ወለድ ጀምሯል። እስካሁን ሦስት ገጽ ሄዷል፤ ሰውዬው ገና ከሩቅ እየመጣ ነው፣ ውሃውም አልተጠየቀም።