መቶ ለኀምሳ ሲካፈል፤ ስለ ኤሌክትሪክ ጀልባ ባትሪ አቈጣጠር የቀረበ ትችት

ትንሽ ጀልባ በኤሌክትሪክ ሞተር ለማንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ባትሪው ስንት ሰዓት ያስኬደኛል?» ብሎ ነው። ዘወትር የሚሰጠው መልስም አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ ይኸውም በባትሪው ላይ የተጻፈውን አምፔር ሰዓት ሞተሩ በሚስበው አምፔር ማካፈል ነው። ባትሪው 100 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ ሞተሩም 50 አምፔር ቢስብ፣ ሁለት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ይህንኑ የመሰለ ሒሳብ በፊዚክስ ደብተራችን ሠርተን «ትክክል» የሚል ምልክት አግኝተንበታል። ማካፈሉስ ትክክል ነው፤ የእኔ ተቃውሞ መቶ የሚለው ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ መታለፉ ነው። ስሕተቱም የሚያዘነብለው ሰውን ከዳር አርቆ ወደሚያስቀረው ወገን ነው።

የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት የሚሰጠው 5 አምፔር ብቻ እየተሳበበት በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው። አሳሳቡ በበረታ መጠን የሚገኘው እንደሚያንስ ጀርመናዊው ፖይከርት እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር አሳይቷል። ለዚህ ዐይነት ባትሪ የቀመሩን ኀይል ቍጥር 1.2 ብናደርገው፣ በ50 አምፔር የምናገኘው ሁለት ሰዓት ሳይሆን 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ባትሪው ቶሎ እንዳይበላሽ ከግማሽ በታች አታውርዱት የሚባለውን ምክር የሚጠብቅ ሰው 38 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል።

የሆነ ሆኖ ፖይከርትንም ቢሆን ከልክ በላይ ልናምነው አይገባም። የእሱ ቀመር የሚሠራው አሳሳቡም ሙቀቱም ሳይለዋወጥ ሲቈይ ነው፤ ጀልባ ነጂ ግን ፍጥነቱን ሲጨምር ሲቀንስ ይውላል። ደግሞም በብርቱ ሲሳብ ያልወጣው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ አይቀርም፤ ባትሪው ጥቂት ካረፈ በኋላ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ከፊሉን ይመልስለታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በመልሱ ውስጥ ፍጥነት አለመነሣቱ ነው። ጀልባን በውሃ ላይ ለመግፋት የሚያስፈልገው ኀይል በግምት ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋራ ያድጋል። እንግዲህ በሙሉ ኀይል በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን ወደ 4.8 ቢቀንስ፣ የሚያስፈልገው ኀይል ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል፤ አሳሳቡም ወደ 26 አምፔር ይወርዳል። ባትሪው እስኪያልቅ ያለውን ርቀት ብናስላው፣ በሙሉ ፍጥነት 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በቀስታ ግን 13 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። በፍጥነት አንድ አምስተኛ ብቻ ተቀንሶ በርቀት ይህን ያህል ትርፍ! ነገር ግን ይህ የሚሆነው መቈጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን እየቈራረጠ የሚያሳልፍ ዐይነት ሲሆን ነው። አምስት ደረጃ ማዞሪያ ያላቸው ርካሽ ሞተሮች ፍጥነት የሚቀንሱት በሽቦ ጥቅል እየከለከሉ ስለ ሆነ ከትርፉ ከፊሉን በሙቀት ያባክኑታል።

አሁን ደግሞ ነፋስን እንጨምር። በጣና ላይ ጧት ረግቶ ያደረው ውሃ ከቀትር በኋላ በነፋስ እንደሚናወጥ ጀልባ ነጂዎች ሁሉ ያውቃሉ። «ሁለት ሰዓት አለኝ» ብሎ ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ፊት ሄዶ ለመመለስ ቢዞር፣ ከወደቡ 6 ኪሎ ሜትር ርቋል፤ በባትሪው ውስጥ የቀረው ግን 16 ደቂቃ ነው። ነፋሱ ከፊት መጥቶ ፍጥነቱን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ቢያወርድበት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልገው ነበር። ጀልባው ውስጥ መቅዘፊያ ከሌለ ይህ የሒሳብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ስለዚህ የሚሻለው መለካት ነው። ባትሪውን ሞልቶ፣ ተሳፋሪውን ያህል ሸክም ጭኖ፣ በዳር ዳር እየሄዱ በየፍጥነቱ የሚሳበውን አምፔርና የተጓዙትን ርቀት መጻፍ የአንድ ጧት ሥራ ነው። ከዚያም ካለው ኀይል ሢሶውን ለመሄጃ፣ ሢሶውን ለመመለሻ፣ ሢሶውን ለመጠባበቂያ መመደብ ይቻላል። በጕዞ መካከል ቮልት ሜትር አይቶ መፍረድ ግን ያታልላል። 12.1 ቮልት ያህል ማለት ግማሽ ነው የሚባለው ባትሪው ለሰዓታት ላረፈ ጊዜ ነው፤ ሞተር እየጐተተው ሳለ ንባቡ ሌላ ነው።

የሊቲየም ባትሪ መጥቶ ይህን ሁሉ አስቀርቶታል የሚሉ ጓደኞች አሉ። በእርግጥ በብርቱ ሲሳብ የሚያጐድለው ጥቂት ነው፤ ከያዘውም 80 ከመቶውን ያለ ሥጋት ይሰጣል። ነገር ግን እርሳሱ ባትሪ ሊያልቅ ሲል እየደከመ ያስጠነቅቃል፤ ሊቲየሙ ቮልቱን እስከ መጨረሻው አካባቢ ይዞ ይቈይና ጠባቂው ሰርኪዩት በድንገት ይቈርጠዋል። ለዚህ ባትሪ የሚገባውና የሚወጣውን አምፔር ሰዓት የሚቈጥር መሣሪያ ሊገጠምለት ይገባል፤ ቈጣሪውም ባትሪው በሞላ ቍጥር እንደ ገና መስተካከል አለበት።